የካቡ አንበሳ

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ገበያ ወጥቼ ቃጫ ገመድ ገዛሁ። የማስርበት ነገር ግን የለኝም። ማራኪ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሴት ነኝ፤ በግ የለኝ፣ የሚጫን እህል የለኝ፣ ልብስ የማሰጣውም በሽቦ ላይ ነው። በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ባለሱቁ ዝናብ የነካውን ቃጫ ፀሐይ ላይ ዘርግቶት ነበርና ሽታው ያዘኝ። እርጥብ ጆንያና የታጨደ ሣር አንድ ላይ ሆነው የሚሸቱት ዓይነት ነው።

«ምን ልታስሪበት ነው?» አለኝ ባለሱቁ እየለካ።

«ምንም።»

«ለምንምማ ቀጭኑ ይበቃል» አለና ከቀጭኑ ቆረጠልኝ።

ቤቴ ስገባ አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ አስሬ፣ ሌላውን ይዤ እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላዬ ተራመድኩ። አከራዬ ብታየኝ ጠበል ትወስደኝ ነበር። እጄ ግን ሥራውን አልረሳም። ገመዱ ሲወጠር አውራ ጣቴ በራሱ ጊዜ ታጥፎ ያዘው፤ ጆሮዬም የአያቴን ድምፅ ጠበቀ። «አጥብቀሽ ያዥ፣ ዓለም። ከለቀቅሽው ይፈታል።»

እናቴ ታናሽ ወንድሜን ያረገዘችበት ዓመት ነው። እርግዝናው ከብዷት ስለነበር አባቴ በክረምቱ መግቢያ ከጎንደር አውቶቡስ አሳፍሮ አምባ ጊዮርጊስ፣ የእናቴ አባት ዘንድ ላከኝ። ደርግ ከወደቀ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የከተማ ልጅ በሐምሌ አምባ ጊዮርጊስ ሲገባ ምን እንደሚያገኘው ያየ ያውቀዋል። ጭጋጉ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፤ ጭቃው ጫማ ይቀማል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እያለቀስኩ አሳለፍኳቸው። በኋላ አያቴ የገመዱን ጫፍ አስያዘኝና ልቅሶውን ረሳሁት።

አያቴን የአገሩ ሰው አያ ተገኘ ይለው ነበር። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ የፊታውራሪው ጠመንጃ ያዥ ነበር። ፊታውራሪው በንጉሡ ጊዜ ያን አካባቢ ያስተዳደሩ ጌታ ናቸው። እኔ በሄድኩበት ዓመት እሳቸው ከሞቱ፣ መሬታቸውም ለገበሬው ከተከፋፈለ ቆይቷል። ስማቸው ግን ከሰው አፍ ገና አልወረደም ነበር።

በዝናብ ቀን አያቴ ከቤቱ ክዳን ጠርዝ ሥር ተቀምጦ ለገበያ የሚሆን ገመድ ይገምዳል። ሁለቱን ፈትል አንድ ላይ ሲያከርር ጫፉን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። እሱ ያከርራል፤ እኔ ይዤ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ገመዱ በረዘመ ቁጥር እንራራቃለን፤ እሱም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ወሬው ሁልጊዜ አደን ነበር።

«ከጥምቀት በኋላ ቆላ እንወርዳለን፤ ተከዜ ዳር» ይለኛል። «ሣሩ ደርቆ አውሬው ውኃ ፍለጋ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ድንኳኑ በበቅሎ፣ ጠጁ በበቅሎ፣ አዝማሪው በበቅሎ። እኛ በእግር።»

«ምነው አባባ፣ ሥጋ አጥተው ነው?»

«እሳቸው? በረት ሙሉ በሬ እያላቸው? ለጨዋታ ነው እንጅ። ግን የዋዛ ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ሹመቱ የሚታደለው እዚያ ነው።»

ከዚያ እየገመደ ያስረዳኛል። ከጌታው ድንኳን አጠገብ ድንኳን የተፈቀደለት ሰው በዓመቱ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። ከሎሌ ጋር ከኋላ የቀረውም ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ጌታው የተጠራጠሩትን ሰው አውሬው በሚወጣበት በር ላይ ያቆሙታል፤ ከሸሸ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደጋ ይደርሳል። የተጣላ በአደን ይታረቃል፤ የታረቀም በግዳይ፣ ማን ገደለ በሚለው፣ ይጣላል። ጌታው ራሳቸው ደግሞ ከበላያቸው ጌታ አለ። አንበሳ የጣለ ሰው ጎፈሩን፣ ማለትም የአንበሳውን ጋማ፣ ራሱ ላይ አድርጎ በበላዩ ፊት ይፎክራል። የፎከረ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

ይህን ሁሉ እኔ በራሴ መንገድ ገባኝ። መስከረም ላይ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቼ መምህሩ «መንግሥት ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅ እጄን አውጥቼ «ቆላ ወርዶ አንበሳ ይገድላል» አልኩ። መምህሩ ሰሌዳውን ተደግፎ ሳቀ። ሲጨርስ ግን «ተቀመጭ፣ ብዙም አልተሳሳትሽ» አለኝ።

አያቴ የሚያወራልኝ አደን መጨረሻ አልነበረውም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አዳኞቹ ጥሻውን ይከቡታል፤ መለከት ይነፋል፤ ከበሮ ይመታል። አያቴ ከፊታውራሪው ቀኝ ቁሟል። ጥሻው ይነቃነቃል። «አንበሳው ወጣ» ይላል፤ እዚያ ላይ ዝም።

«እሽ፣ ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ ገመዱ አለቀ።»

ቃጫው ግን ገና በእቅፉ ሙሉ ነው።

ከአያቴ ግቢ ጎን የአያ ፈንታ ግቢ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው የድንጋይ ካብ አንድ ቦታ ላይ ፈርሶ፣ ክፍተቱ በእሾህ ተሞልቷል። አያ ፈንታ አጭር፣ ፈጣን፣ የሚናገረው ለመንደሩ ሁሉ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ትርንጎ የምትባል የእኔ እኩያ የልጅ ልጅ ነበረችው። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከትርንጎ ጋር መጫወት። እሷም ትፈልግ ነበር። ጓሮ ስወጣ ካቡ ላይ አገጯን አስደግፋ አገኛታለሁ። የተቆላ ባቄላ ትወረውርልኛለች፤ እኔም ከጎንደር ያመጣሁትን ከረሜላ እወረውርላታለሁ። መሻገር ግን ክልክል ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከእናቴ መወለድ በፊት ጀምሮ አይነጋገሩም።

«ምን አጣላቸው?» አልኳት አክስቴ ጥሩን፣ ከአያቴ ጋር የምትኖረውን።

ጥሩ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። «አንበሳ ነው የለያያቸው» አለችኝ።

እኔ አንበሳው በካቡ ክፍተት ውስጥ የሚኖር መሰለኝ። እሾሁ ለምን እንደተሞላ፣ ትርንጎ ለምን እንደማትሻገር፣ አያቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ለምን አንገቱን እንደሚደፋ ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ከዚያ ወዲያ ጓሮ የምወጣው ዱላ ይዤ ነው። ጥሩም ነገሩ ገብቷት አላረመችኝም፤ ልጅ የሚጠብቅ አንበሳ በነጻ ከየት ይገኛል?

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አያ ፈንታ ጫማውን አውልቆ ከሰው ጋር ይገባል። አያቴ ግን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ቁሞ ይቀራል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ብርዱ ላይ። በሩ ላይ የተደረደረው ጫማ ፊት ለፊቱ ነው። እኔ የጫማ ጠባቂ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኮርቼበትም ለትርንጎ ነገርኳት። «የአንችም አያት ጫማ የሚጠበቀው በእኛ ነው» አልኳት።

መስቀል እንዳለፈ አንዲት ነጭ ማኪና ግቢያችን በር ላይ ቆመች። የወረደው ሰው ኮት የለበሰ፣ ጭቃውን እየመረጠ የሚረግጥ ጎልማሳ ነው። የፊታውራሪው ልጅ፣ አቶ ዳምጠው፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነው። አያቴ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ገመዱን ግን አልተውነውም፤ እኔ ጫፉን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«አባቴ በደርግ ጊዜ ሲሞቱ ወጉ አልደረሳቸውም» አለ አቶ ዳምጠው። «ያለቀሰላቸው የለም። አሁን ተዝካራቸውን ላወጣ ነው፤ አገሩ በሙሉ ተጠርቷል። ጎፈሩ በእኔ እጅ ነው፤ አምጥቼዋለሁ። የአንበሳውን ነገር ግን የሚመሰክር ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«ከእርስዎ ሌላማ ማን አለ? ስለዚያ አደን በጠየቅኋቸው ቁጥር አባቴ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፤ ‹ተገኘን ጠይቅ›።»

ጫፉን የያዝኩት ገመድ በእጄ ላይ ላላ። ዝቅ ብዬ ሳይ በአያቴ በኩል ያለው ሁሉ ተፈትቶ እግሩ ሥር ተከምሯል። እኔ አልለቀቅኩም፤ የለቀቀው እሱ ነው። እንደዚያ ሲሆን አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

ማኪናዋ ስትሄድ ጥሩ ከጓዳ ወጣች። «ሊወዳደር ነው አሉ፣ በሚመጣው ምርጫ» አለች። «ምነው አባዬ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ያኔ ያልከውን ደግመህ ማለት ነው።»

«ያኔ በጊዮርጊስ ምዬ ዋሸሁ» አለ አያቴ። «የነፍስ አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ። በሰው ፊት የዋሸኸውን በሰው ፊት ካልመለስህ አላቆርብህም ብሎኛል። በዚያ ውሸት የተነሣ ከወይራው ሥር ቁሜ አረጀሁ። አሁን ደግሜ ልማል?»

«እውነቱን ብትናገርስ ምን ሊያደርጉህ ነው? ጠመንጃ የያዘ ዘመድ ሞልቷቸዋል። በአባታቸው ተዝካር ላይ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጨዋታ ጠፋ። ጥሩ ወጡን ጨው ታበዛበት ጀመር። እኔ ከሰማሁት ውስጥ የያዝኩት አያቴ ሊገደል ይችላል የሚለውን ነው። ትምህርት ቤት ለትርንጎ ስነግራት እርሳሷን አስቀምጣ «እንግዲያ ለእኔ አባባ ልንገረው?» አለችኝ። «አትንገሪ፣ አይነጋገሩም እኮ» አልኳት። በዚያ ዕድሜ ይህ በቂ ምክንያት ነበር።

የተዝካሩ ቀን ዳሱ በሰው ሞላ። መሐል ላይ፣ በእንጨት ላይ ከፍ ብሎ፣ ጎፈሩ ተሰቅሏል። እንደጠበቅሁት አልነበረም። ቀለሙ ጠፍቷል፣ ግማሹን ብል በልቶታል፤ ነፋስ ሲነካው ጠጉር በወጡ ላይ ይበተን ነበር። በግራ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ መካከል አያ ፈንታ፣ በጉልበቱ ሥር ትርንጎ። በቀኝ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው ያጋደሙ የፊታውራሪው ዘመዶች። እኔ ከሴቶቹ ጋር፣ የጥሩን ነጠላ ጫፍ በአፌ ነክሼ።

አንድ ወጣት ዘመድ ተነሥቶ ፎከረ። አባት ምን እንደጣሉ፣ አንበሳው እንዴት እንደወደቀ፣ ልጅም የአባቱ ልጅ እንደሆነ። ሰው አጨበጨበ። ያኔ ምርጫና አንበሳ እንዴት እንደሚገናኙ በደንብ ገባኝ። አቶ ዳምጠው ተነሣና «ምስክሩ በሕይወት አለ። አያ ተገኘ ይናገሩ» አለ።

አያቴ ቆመ። ጋቢውን አስተካከለ። ወደ ጎፈሩም ወደ አቶ ዳምጠውም ሳያይ ጀመረ። ድንኳኑን፣ መለከቱን፣ ከበሮውን፣ እኔ በቃሌ የማውቀውን ሁሉ ተናገረ። ጥሻው ተነቃነቀ። «አንበሳው ወጣ» አለ።

ቆመ። እንደ ልማዱ ገመዱ አለቀ የሚል መሰለኝ።

«ጌታዬ ተኮሱ» አለ አያቴ። «ጥይታቸው ግራሩን ላጠው። ከበስተግራ የውጅግራ ጠመንጃ ጮኸ። አንበሳው በኋላ እግሩ ተቀመጠ፤ ደሙንም አየሁት። ጌታዬ የመቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌላውም የተኮሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግዳዩ ደሙን ቀድሞ ላፈሰሰው ሰው ነው፣ ሌላው ከኋላ መቶ ጥይት ቢያርከፈክፍም። ውጅግራውን የያዘው ፈንታ ነበር።»

ዳሱ ውስጥ ማኘክ ቆመ።

«ማታ ከጠቅላይ ግዛቱ የመጣው መልእክተኛ ‹ማን አደማው?› ብሎ ጠየቀኝ። ጌታዬ ሹመት የሚጠብቁበት ሰሞን ነው። በጊዮርጊስ ምዬ ጌታዬ ናቸው አልኩ። እሳቸው ተሾሙ። እኔም የቤት ቦታ ተሰጠኝ፤ ያውም ከፈንታ ቤት ጎን። ልጄ፣ የአባትህን እንጀራ በልቻለሁ። ስማቸውን ላጠፋ አይደለም የመጣሁት። ደግሜ መማል ግን አልቻልኩም።»

የፎከረው ወጣት ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ። «በሞተ ሰው ላይ!» አለ። ጥሩ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችው፤ በጣቶቿ መካከል ግን ይታየኝ ነበር። አቶ ዳምጠው ወጣቱን በእጁ ምልክት አስቀመጠው። ፊቱ ጠቁሯል።

«አያ ፈንታ» አለ። «እውነት ነው?»

አያ ፈንታ ትርንጎን ከጉልበቱ ፈቀቅ አድርጎ ተነሣ። ሲናገር እንደ ወትሮው ለመንደሩ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው ነው።

«ያን አንበሳ እኔ ከቆላ ሳልወጣ ትቸዋለሁ» አለ። «ድሃ አንበሳ ገድሎ ምን ይሆናል? ያው ማረስ ነው። ‹ፈንታ ነው› ብትል ኖሮ ሁለታችንም ደጋ አንደርስም ነበር፤ ይኼን አጥቼው አይደለም። ግን በማግስቱ መንገድ ላይ ‹እንዴት አደርህ፣ ተገኘ› ብልህ አንገትህን ደፍተህ አለፍኸኝ። በሳልስቱም። ከዚያ ወዲህም። አንበሳውን የወሰዱት ፊታውራሪው ናቸው። ሰላምታዬን የወሰድከው አንተ ነህ።»

«አፍሬ ነው፣ ፈንታ» አለ አያቴ።

«ማፈርህን ማን ነገረኝ? ቦታ ሲሰጡህ የኮራህ መሰለኝ።»

«ምኑን እኮራለሁ? ዓይንህን ማየት አቅቶኝ ነው።»

«ይኸው እይው» አለ አያ ፈንታ።

አያቴ ቀና አለ። ሁለቱም ቆሙ፤ ምን እንደሚደረግ የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። አንዱ ቄስ ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ አቶ ዳምጠው ሳቀ፤ የጥጋብ ሳቅ ሳይሆን ሸክም ያራገፈ ሰው ሳቅ።

«አባቴ ያን አደን በአፋቸው አውርተውልኝ አያውቁም» አለ። «ተገኘን ጠይቅ፣ ተገኘን ጠይቅ ነበር። እኔ ለምስክር መስሎኝ። ለካስ እሳቸውም መናገር አቅቷቸው ኖሯል። ይኸው ጠየቅሁ፤ ይበቃቸዋል።» ጎፈሩን ከእንጨቱ አውርዶ ለአያ ፈንታ በሁለት እጁ አቀረበ።

አያ ፈንታ አገላብጦ አሸተተውና ፊቱን አጨማደደ። «ይኼን ብል ወዲያ ለልጆቹ ስጣቸው» አለ።

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። እኔና ትርንጎ ጎፈሩን ተራ በተራ ራሳችን ላይ አደረግነው። ያሳክካል፤ ያስነጥሳል፤ የከረመ ቅቤና የአይጥ ሽታ አለው። ካቡ ውስጥ ስፈራው የከረምኩት አንበሳ ይህ ከሆነ ዱላው ከንቱ ነበር። ጥሩ ኋላ እንደምትለው አቶ ዳምጠው ያን ቀን ዝም ብሎ በማዳመጡ ያገኘው ድምፅ አንበሳው ከሚያስገኝለት ይበልጣል። አሸንፎ እንደሆነ አላስታውስም። እኔ የማስታውሰው ጥሩ በዚያ ምሽት የሠራችው ወጥ ጨዉ ልክ መሆኑን ነው።

ንስሐው ተፈጽሞ አያቴ የገባበት እሁድ ከፊቴ አይጠፋም። ጋቢውን አጥፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከአያ ፈንታ ጫማ ጎን አስቀምጦ ገባ። እኔ ደነገጥኩና «አባባ፣ ጫማውን ማን ሊጠብቅ ነው?» አልኩት። ድምፅ ሳያወጣ ሳቀ። ከወይራው ሥር ቆሜ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቅሁት፤ አንድም አልጠፋ።

ከተዝካሩ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጠዋት አያቴና እኔ እንደ ልማዳችን ገመዱ ላይ ነበርን። ከካቡ ማዶ አያ ፈንታ እሾሁን በመንሽ ሲያነሣ ይሰማል። ክፍተቱ ባዶ ሲሆን ተሻገረ።

«እንዴት አደርህ፣ ተገኘ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርህ?»

«ደኅና። ልጆችህ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ሚስትህ ያረፈች ጊዜ አልመጣሁም፤ እግዜር ያጽናህ።»

«አሜን። የአንተዋም ስታርፍ ከካቡ ማዶ ሁኜ አልቅሻለሁ።»

ሰላምታው አላበቃም። የሞቱትን በሬዎች፣ የተዳሩትን ልጆች፣ በረዶ የመታውን ገብስ፣ የተወለዱትንና የተቀበሩትን ሁሉ፣ በነዚያ ዓመታት ያልተጠያየቁትን አንድ በአንድ ተጠያየቁ። ፀሐይዋ ካቡን አለፈች። እጄ ደነዘዘ። ትርንጎ በክፍተቱ ቆማ በዓይኗ ነይ ትለኛለች፤ እኔ ግን ከለቀቅሁት ይፈታል።

አያ ፈንታ አየኝ። መጥቶ አጠገቤ ቆመና የገመዱን ጫፍ ከእጄ ወሰደ።

«ልጅቱን ልቀቃት፣ ትጫወት» አለው ለአያቴ። «እኔ እይዝልሃለሁ።»